ስለ መኪና ቀበቶ ታሪክና ስለ እያንዳንዳችን ኃላፊነት

እንደ ልማዳችሁ ለዓመቱ መጽሔታችን አንድ ነገር ጻፉ ብትሉን ስለ መኪና ቀበቶ ታሪክ ለመጻፍ ወደድን። አንዳንዶቻችሁ «እድርና የመኪና ቀበቶ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። አገናኛቸው እንጂ! ቀስ ብለን እንደርስበታለን። የአገራችን ነው ብለን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

መኪና ወደ አገራችን የገባችው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ዘመን መኪና ሲሠራ ቀበቶ አብሮ አይሠራም ነበር። ኋላ ላይ በአንዳንድ መኪኖች ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ መግባት ጀመረ። እሱም ቢሆን ጉድለት ነበረበት። ወገብን ይዞ ደረትን ስለሚለቅ ሰውየው በግጭት ጊዜ ወደፊት ይታጠፋል፣ ቀበቶውም ሆድ ዕቃውን ይጎዳዋል።

ይህንን ያሻሻለው ኒልስ ቦህሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነው። ሰውየው ቀደም ሲል ሳብ በሚባለው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውም የጦር አውሮፕላን ነጂ አደጋ ሲደርስበት ተስፈንጥሮ የሚወጣበትን መቀመጫ ማዘጋጀት ነበር። ከዚያ ወደ ቮልቮ ተዛወረና በ1959 ደረትንና ዳሌን አንድ ላይ የሚይዘውን፣ በአንድ እጅ የሚታሰረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አወጣ። ዛሬ በየመኪናው የምናየው ይኸው ነው። ቮልቮም መብቱን ለብቻው አልያዘም፤ ሌሎች ፋብሪካዎች በነፃ እንዲሠሩበት ፈቀደ። ይህ በእውነት የሚመሰገን ሥራ ነው።

ቀበቶው የሚጠቅመው እንዴት ነው? መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እኛም ውስጡ ተቀምጠን በዚያው ፍጥነት እየሄድን ነው። መኪናው ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ቢቆም እኛ አንቆምም፣ ወደፊት መሄዳችንን እንቀጥላለን። ጉልበቱ 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፎቅ ላይ እንደ መውደቅ ነው። «በእጄ እደገፋለሁ» የሚል ሰው ከፎቅ ሲወድቅ በእጁ ይደገፍ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ከፊት የተቀመጠውን ሰው የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል።

ነገር ግን ቀበቶው መኖሩ ብቻ አልበቃም፣ ሰው አላሰረውም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሕግ ሄደ። ሁሉም ሰው ቀበቶ እንዲያስር በዓለም የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ናት፣ ጊዜውም በታኅሣሥ ወር 1970 ነበር። ፈረንሳይ በ1973፣ ስዊድን በ1975 ተከተሉ።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ያስቃል፣ ያስተምራልም። የ1974 ሞዴል መኪኖች ከፊት የተቀመጠው ሰው ቀበቶ ካላሰረ እንዳይነሡ ተደርገው ተሠሩ። ሰው ከገበያ የገዛውን ዕቃ ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጥ መኪናው ሰው የተቀመጠ መስሎት አልነሣም አለ! ሕዝቡ ተቆጣ፣ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ግዴታውን አነሣው። ማሰርን በሕግ በማዘዝ ከክፍለ ግዛቶቹ የመጀመሪያዋ ኒው ዮርክ ስትሆን፣ እሷም ሕጉን ያወጣችው በ1984 ነው።

በእንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ተመከረ፣ ተለፈፈ። ያም ሆኖ ያስር የነበረው ከመቶ 40 ገደማ ሰው ነበር። በጥር ወር መጨረሻ 1983 ከፊት የሚቀመጡት የግድ እንዲያስሩ ሲታዘዝ ቁጥሩ ከመቶ 90 በላይ ሆነ። ጀርመን ደግሞ በ1976 ሕጉን አወጣች እንጂ ቅጣት አልጨመረችበትም፤ የማያስረው ሰው ብዙ ስለነበር በ1984 የ40 ማርክ ቅጣት ደነገገች። እኛም በመዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች ነንና ማኅተም ተመትቶበት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ትእዛዝ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

በእነዚህ አገሮች ሁሉ ተቃዋሚ ነበረ። የተቃውሞው ፍሬ ነገር «ሕይወቴ የራሴ ነው፣ ብሞት እኔ፣ መንግሥት ምን አገባው?» የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እድርተኛ ግን መልሱን ያውቀዋል። ሞት የሟቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ እድር ባላስፈለገን ነበር። ድንኳን የሚተክለው፣ ሣጥን የሚያዘጋጀው፣ ሥራውን ጥሎ ለቅሶ የሚቀመጠው ጎረቤት ነው። ልጆቹ ያለ አባት ሲቀሩ የሚያየው ጎረቤት ነው። ከዚህም በቀር ከኋላ ተቀምጦ ያላሰረ ሰው በግጭት ጊዜ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ከፊቱ ያለውን ይመታል። ታዲያ ይህ የራሱ ጉዳይ ብቻ ነው ይባላል?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቀበቶ ሳያስሩ መንዳት ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ሁላችንም የምናየው ነገር አለ። ሾፌሩ ትራፊክ ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ሲያልፍ ይለቀዋል። ጋቢና የተቀመጠውም እንዲሁ። ኧረ ለመሆኑ ማንን ነው የሚያታልሉት? ትራፊኩ እንደሆነ ማታ ደህና ገብቶ ራቱን ይበላል። ግጭት ሲመጣ የተንጠለጠለ ቀበቶ ማንንም አይዝም።

በድሮው ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። አጠገባቸው ፖሊስ ስላለ አልነበረም፣ ሰውየው ሕጉን በልቡ ስለተቀበለው እንጂ። በየመኪናው ውስጥ አንድ አንድ ትራፊክ ማስቀመጥ አይቻልም። የእድራችንን ደንብም የምናከብረው ፈርመን ስለገባንበት እንጂ ዘበኛ ቆሞብን አይደለም።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህንን ነው። ጋቢና የምትቀመጡ ተሳፋሪዎች ሾፌሩ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ከኋላም ቀበቶ ካለ እሰሩ፣ ልጅን ታቅፎ ከፊት መቀመጥም ይቅር። መኪና ያላችሁ አባላት ሰው ሁሉ ሳያስር ሞተር አታስነሡ፤ «አታምኑኝም ወይ?» የሚል ቢኖር አትቀየሙት። የእድራችን ሹማምንትም ለቀብር መኪና ስትከራዩ መቀመጫውንና ቀበቶውን እዩልን። በጭነት መኪና ላይ ቆመን ሰው ልንቀብር ስንሄድ ሌላ ቀብር ይዘን እንዳንመለስ ያሰጋል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ቸር ያሰንብተን። መጪውን ዓመት ድንኳናችን ብዙ የማይተከልበት ዓመት ያድርግልን።