ተሳቢ የመጎተት ፈቃድ በእንግሊዝ አገር፤ ከ1903 እስከ 2021

ተሳቢ ሲባል ባገራችን ሰው ዓይነ ሕሊና ፊት የሚቆመው በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ በሥራው የበሰለ ሰው ነው፤ ረዳቱም መኪናው ወደ ኋላ ሲል ወርዶ እጁን እያወዛወዘ «ና! ና! በቃ!» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሌላ ዓይነት ተሳቢ ነው። እርሱም እንግሊዞች በዕረፍት ወራት ከቤት መኪናቸው ኋላ አስረው የሚጎትቱት ካራቫን፥ ማለት አልጋና ምድጃ ያለው ባለ መንኰራኵር ቤት፥ እንደዚሁም ፈረስ፥ ጀልባ ወይም የግንበኛ ዕቃ የሚጫንበት አነስተኛ ተሳቢ ነው። ይህን የሚጎትተው መምህሩ፥ ጸሐፊው፥ ጡረተኛው ነው፤ ረዳት የለውም፤ ምናልባት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይጎትት ይሆናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለመመርመር የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህን ሰው «መጎተት ትችላለህ» ብሎ የፈቀደለት ማን ነው? በምንስ መዝኖ ፈቀደለት? የመቶ ዓመቱን ታሪክ ስንከታተል ያገኘነው መልስ ከጠበቅነው የተለየ ሆነብን። አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱ የተንጠለጠለው በሰውየው ችሎታ ላይ ሳይሆን መንጃ ፈቃዱን ባወጣበት ዕለት ላይ ነበር።

ካራቫን ለመዝናኛ የተጀመረው ሞተር ሳይመጣ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ ሐኪምና ደራሲ በ1885 «ዋንደረር» ብሎ የሰየመውን ካራቫን በብሪስቶል ከተማ አሠርቶ በሁለት ፈረሶች እያስጎተተ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ተጓዘ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ዶክተሩ ብቻውን አለመጓዙን ነው። ፈረሶቹን የሚነዳለት ሠረገላ ነጂ ነበረው፤ አሽከሩም በባለ ሦስት እግር ብስክሌት ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን ይቃኝለት ነበር። ስለዚህ የመጎተቱ ጥበብ ከባለቤቱ ዘንድ ሳይሆን ሙያዬ ብሎ ከያዘው ሰው ዘንድ ነበረ። ሞተር መጥቶ ባለቤቱ ራሱ መሪውን ሲይዝ ይህ ሙያተኛ ከመካከል ወጣ፤ በቦታውም የተተካ የለም።

በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ የመንጃ ፈቃድን በእንግሊዝ አገር አስጀመረ። ከጥር 1 ቀን 1904 ጀምሮ 17 ዓመት የሞላውና 5 ሽልንግ የከፈለ ሁሉ ፈቃዱን ያገኝ ነበር፤ ፈተና አልነበረም። ወረቀቱ የሚያስረዳው መክፈሉን እንጂ ማወቁን አይደለም። በ1919 ኤክልስ የተባለው የበርሚንግሃም ፋብሪካ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ሠርቶ መሸጥ በጀመረ ጊዜም ገዢው ተሳቢውን አስሮ ወደ ቤቱ ለመሄድ ከዚያው ከሽልንጉ ፈቃድ በቀር የሚጠየቀው የችሎታ ማስረጃ አልነበረም።

የመንገድ ሞት ግን ዝም የሚባል አልሆነም። በ1934 በመላው አገሪቱ 2.4 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪ ብቻ እያለ 7,343 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ፥ የመጓጓዣ ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር ቤሊሻ በሥልጣን ሳሉ፥ የመንጃ ፈተና ታወጀ፤ ከመጋቢት 13 ቀን 1935 ጀምሮ በፈቃደኝነት፥ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ በግዴታ ሆነ። ነገር ግን ግዴታው የያዘው ከሚያዝያ 1 ቀን 1934 ወዲህ መንዳት የጀመሩትን ብቻ ነበር። መጋቢት 31 ቀን መሪ የጨበጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳይፈተን ይነዳል፤ በማግስቱ የጨበጠ ይፈተናል። ይህን የመሰለ የቀደመ መብት በየአገሩ ሕግ የተለመደ ስለሆነ አያስደንቅም። የምናነሣው ከ62 ዓመት በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው።

ሌላም የሚመለስ ነገር አለ። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ፈተናው ታገደ፤ እስከ ኅዳር 1946ም አልተመለሰም። በ1947 መንግሥቱ በጦርነቱ ጊዜ ጊዜያዊ ፈቃድ ይዘው የነዱ ሰዎች ሳይፈተኑ ወደ ሙሉ ፈቃድ እንዲለውጡ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ደግሞ በ1956 በሱዌዝ ጉዳይ ነዳጅ በራሽን ሲታደል ፈታኞቹ ወደ ነዳጁ ዕደላ ሥራ ተወሰዱ፤ ፈተናው እስከ ሚያዝያ 1957 ቆመ፤ ተማሪዎችም ያለ አስተማሪ ብቻቸውን እንዲነዱ ተፈቀደላቸው። እንግዲህ የሱዌዝ ቦይ መዘጋት በአንድ የእንግሊዝ ወጣት የመንዳት ችሎታ ላይ ምን እንደሚጨምር አንባቢ ይፍረድ። ፈተናው የቆመው አላስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ሳይሆን ፈታኙ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ሙያው ራሱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሕጉ የዘለለውን ነገር ሳናውቅ ሕጉን ልንነቅፍም ልናመሰግንም አንችልም። መኪና መንዳት የሚችል ሰው ተሳቢ መጎተት ይችላል የሚለው አሳብ በሦስት ነገር ይወድቃል።

አንደኛው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሰውየው መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር የመኪናው ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል፤ የተሳቢው ጅራት ግን ወደ ቀኝ ይወጣል። እጅ ለዓመታት የለመደው ሁሉ ይገለበጣል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር እንጂ የሚገድል አይደለም፤ የካራቫን ማቆሚያ ስፍራ ላይ ባልና ሚስት የሚጣሉበት ዋናው ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ጭነቱን ማመዛዘን ነው፤ የሚገድለውም ይህ ነው። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ኋላ ከተጫነ የተሳቢው አፍ ይቀልላል፤ ያን ጊዜ ነፋስ ቢመታው ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ቢያልፈው ተሳቢው ግራና ቀኝ እንደ እባብ መወራጨት ይጀምራል፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን መኪናውን ራሱን እያወዛወዘ ይጥለዋል። ስለዚህ አዋቂዎቹ የሚመክሩት፥ ከካራቫኑ ሙሉ ክብደት ከመቶ 5 እስከ 7 የሚሆነው በመጋጠሚያው ላይ እንዲያርፍ፥ ለጀማሪም ካራቫኑ ከመኪናው ክብደት ከመቶ 85 እንዳይበልጥ ነው። መወራጨቱ ከጀመረ ደግሞ መድኃኒቱ ደመ ነፍስ ከሚያዘው ጋር አይስማማም፤ ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ ወይም ከመሪው ጋር መታገል አይደለም፤ ነዳጁን ለቆ፥ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፥ ፍጥነቱ ራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ይህን ሰው በራሱ ይደርስበታል ማለት ዘበት ነው፤ የሚደርስበት ሰው የሚማርበት ሰዓት ሲያልፍ ነውና።

ሦስተኛው መጋጠሚያው ነው። የተሳቢው አፍ ከመኪናው የብረት ኳስ ላይ የተቀመጠ መስሎ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል። ለዚህ የሚሠራው የደኅንነት ገመድ ተሳቢው ቢለቅ ፍሬኑን እንዲይዝ ያደርጋል፤ ገመዱ በትክክል ካልታሰረ ግን ዋጋ የለውም።

እስከ 1996 ፍጻሜ ድረስ የቤት መኪና ፈተና ያለፈ ሰው ከዚህ አንዱንም ሳይጠየቅ ተሳቢ የመጎተት መብት አብሮ ያገኝ ነበር፤ መብቱም ሳቢና ተሳቢ ተደምረው እስከ 8,250 ኪሎ ግራም ይደርስ ነበር። በኤውሮፓ ማኅበር የ1991 መመሪያ መሠረት ከጥር 1 ቀን 1997 ጀምሮ ይህ ተለወጠ። አዲሱ ነጂ በመደበኛ ፈቃዱ የሚጎትተው እስከ 750 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ከዚያ የከበደውን ለመጎተት ሁለቱ ተደምረው ከ3,500 ኪሎ ግራም፥ ተሳቢውም ከመኪናው ባዶ ክብደት እንዳይበልጡ ተወሰነ። ከዚህ የሚያልፍ ሌላ ፈተና ይፈተናል፤ ተሳቢውን በምልክት መካከል ወደ ኋላ ይመልሳል፥ ፈትቶ መልሶ ይገጥማል፥ በመንገድም ላይ ይነዳል።

ፈተናው በራሱ መልካም ነበር እንላለን። የሚያስቸግረው ያረፈበት ትውልድ ነው። በታኅሣሥ 1996 ፈተና ያለፈ፥ አንድም ቀን ተሳቢ ጎትቶ የማያውቅ ሰው በ60 ዓመቱ ሁለት ቶን ካራቫን ገዝቶ ያለ ጠያቂ መንገድ ይገባል፤ በገበሬ ቤት አድጎ ከልጅነቱ ጀምሮ የፈረስ ተሳቢ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ታናሽ ወንድሙ ግን በጥር 1997 ስላለፈ ይፈተናል። ሽማግሌዎቹን የሚከላከሉ «ልምድ ፈተናን ይተካል» ይላሉ፤ ይህን አንክድም። ሕጉ ግን ልምድንም አልጠየቀም።

ነገሩ የወረቀት ክርክር አለመሆኑ በጥር 2014 በብሪስቶል ታየ። ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን ተሳቢ ከሚጎትተው መኪና ተለይቶ መንገደኛ መሄጃ ላይ ወጥቶ የሦስት ዓመት ሕፃን ገደለ። ወላጆቹ ከዚያ በኋላ ስለ ተሳቢ ደኅንነት ሲታገሉ ቆዩ፤ በ2018ም ፓርላማው ባወጣው የተሳቢ ምዝገባ ሕግ ውስጥ መንግሥቱ የተሳቢ አደጋዎችን መርምሮ እንዲያስታውቅ የሚያዝ አንቀጽ ገባ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሕጉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በ2021 በእንግሊዝ አገር የከባድ መኪና ሾፌር ታጣ፤ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ የነዳጅ ማደያም ተሰለፈበት። መንግሥቱ በመስከረም ወር የመኪናና የተሳቢ ፈተና እንዲቀር አስታወቀ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ በዓመት 30,000 ያህል ፈተና ለከባድ መኪና ሾፌሮች ይተርፋል አለ። እንደ 1956ቱ ሁሉ ያነሰው ፈታኝ ነበር። ፈተናው ከመስከረም 20 ቀን ጀምሮ ቆመ፤ አዲሱ ሕግ የጸናው ግን ታኅሣሥ 16 ቀን ስለሆነ፥ ለሦስት ወር ያህል ሳይፈተን የቀረ ሰው መፈተንም ከባድ ተሳቢ መጎተትም ሳይችል ተቀመጠ። ከታኅሣሥ 16 ቀን በኋላ ግን ከ1997 ወዲህ ያለፉት ሁሉ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚደርስ ተሳቢ ያለ ፈተና እንዲጎትቱ ተፈቀደ። ሥልጠና መውሰድ በመንግሥቱ በኩል ቢመከርም ግዴታ አልሆነም።

ይህ የ2021 ለውጥ የእንግሊዝን፥ የስኮትላንድንና የዌልስን ነጂዎች ብቻ የሚመለከት ነበር። ሰሜን አየርላንድ የራስዋን ሕግ ስለምታወጣ ያን ጊዜ ፈተናውን አላነሣችም፤ ስለዚህ በሊቨርፑል ፈቃዱን ያወጣ ወጣት ሳይፈተን የሚጎትተውን ካራቫን፥ በቤልፋስት ፈቃዱን ያወጣው እኩያው ለመጎተት ወደ ኋላ መመለሱን፥ መፍታቱንና መግጠሙን በፈታኝ ፊት ማሳየት ነበረበት።