የተሻሩት የእንደራሴ ወንበሮች

ከጎተራ እስከ ካዛንቺስ የምርጫ ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ያሸነፈበት ዕለት። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሌሎች የምርጫ ወረዳዎች ነበሩ፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴ የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ። 200,000 ያህል ነዋሪ ያለው ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ ከ30,000 ነዋሪ በላይ ያለው ከተማም የራሱ እንደራሴ ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ፓርቲ ግን አልነበረም።

21 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል፤ ለመመረጥ ግን በወረዳው ንብረት ማፍራት ግድ ነው። ንብረት የሌለው ተከራይ አከራዩን መምረጥ ይችላል፤ ሊፎካከረው ግን አይችልም።

አምስት ምርጫ ተካሄደ፤ የመጨረሻው በ1965 ዓ.ም.። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ወንበሩና ወደ ወንበሩ ያደርስ የነበረው ንብረት በአንድ ዓመት አብረው አለፉ። ተከራዩ ከአከራዩ ተላቀቀ፤ የመንግሥት ተከራይም ሆነ። እስከ 1979ኙ የሸንጎ ምርጫ ድረስ ግን ወደ ምክር ቤት የሚልከው እንደራሴ አልነበረውም። ባለርስቱን ያወረደው እጅ የድምፅ ሣጥኑንም ዘግቶ ነበርና።