ከሰው ሠራሽ ጡንቻ እስከ ኢምንት ቅንጣት

ዛሬ መድኃኒት ተሸክመው በደም ውስጥ እንዲጓዙ፣ አሲድነቱ ከፍ ያለ ሥፍራ ሲደርሱም ሸክማቸውን እንዲያራግፉ ታስበው የሚሠሩት የፖሊመር ናኖ ቅንጣቶች የዘር ሐረጋቸው ቢመረመር ከመድኃኒት ቤት አይነሣም። መነሻው ጡንቻን የመሥራት ምኞት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 የባዝሉ ቬርነር ኩንና የሬሆቮቱ አሮን ካቻልስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከፖሊአክሪሊክ አሲድ የተሠራ መረብ በአልካሊ ውስጥ እንደሚያብጥ፣ በአሲድ ውስጥ ደግሞ እንደሚኮማተር አሳዩ። በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ የተሰደሩት የአሲድ ቡድኖች በአልካሊ ውስጥ ሃይድሮጂናቸውን ለቀው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ። ተመሳሳይ ሙሎች ስለሚገፋፉም መረቡ ይለጠጣል፤ ውኃም ይስባል። አሲድ ሲጨመር ሙላቸው ይጠፋል፤ መረቡም ይሰበሰባል። የኬሚካልን ኃይል ያለ እሳትና ያለ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ሥራ የሚለውጥ መሣሪያ! ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ የሚያስጎመጅ ነገር አይገኝም። እንቅፋት የሆነው ዝግታው ነው።

የዚህን ዝግታ ሕግ በ1979 ያስረዱት በኤም.አይ.ቲ. ያስተምሩ የነበሩት ጃፓናዊው ቶዮኢቺ ታናካ ከፊልሞር ጋር ነበር። ታናካ ይበልጥ የሚታወቁት ከዓመት በፊት ስለ ጄል ድንገተኛ መኮማተር ባሳተሙት ጽሑፍ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ለኋላው ሥራ መንገድ የጠረገው ይህ ሁለተኛው ነው። ይኸውም አንድ ጄል ለማበጥ የሚፈጅበት ጊዜ ከሬድየሱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል ማለት ነው። ሬድየሱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጄል አንድ ቀን ቢፈጅበት፣ 100 ናኖ ሜትር የሆነው 100 ሚሊዮን ጊዜ ፈጥኖ፣ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። የኬሚስትሪው ሐሳብ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ሲያንስ የማይረባው መሣሪያ ቀልጣፋ ሆነ።

በ1986 ፔልተንና ቺባንቴ ከማይክሮ ሜትር ያነሱ፣ ሙቀት ሲጨምር የሚኮማተሩ ቅንጣቶች ሠሩ። በኋላም የአሲድ ቡድን ሲታከልባቸው ለአሲድነት ለውጥ የሚታዘዙ ሆኑ። የአሚን ቡድን የያዙት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ በአሲድ ውስጥ ሙል ይዘው ያብጣሉ። የሕክምናው ተስፋ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። የደም ፒ.ኤች. 7.4 ገደማ ሲሆን፣ ሴል የዋጠውን ነገር የሚያኖርባቸው ከረጢቶች ግን ወደ 5 እና 6 ይወርዳሉ። ስለዚህ ጤነኛውን አካል ጭምር የሚመርዘው የካንሰር መድኃኒት በታመመው ሴል ውስጥ ብቻ እንዲለቀቅ ይታሰባል።

ይሁን እንጂ በደም ሥር ከሚሰጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹን ጉበትና ጣፊያ ከመንገድ ያስቀሯቸዋል፤ ወደ ዕጢው የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የካሬው ሕግ ቅንጣቱ ከደረሰ በኋላ ስለሚፈጽመው ሥራ እንጂ ስለ ጉዞው የሚለው የለም።