የሸክላ ዘፈኖች ወደ ሲዲ የተሻገሩበት ታሪክ

ዘፈን በሲዲ መሰብሰብ ተራ ጨዋታ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የአዲስ አበባን የሸክላ ዘፈኖች ታሪክ የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አቶ ዐምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጹና ሕንድ አገር አሳተሙት። እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች አወጡ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ እርሳቸውም ተሰደዱ፤ የሸክላውን ቦታ ካሴት ወሰደው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምተው ተደነቁ፤ እነዚያን አሮጌ ሥራዎችም በ1990ዎቹ ማብቂያ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በሲዲ ያወጡ ጀመር። (ሥራው በእኛ እጅ አለመጀመሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ያሰኛል።) ትንሿ ሸክላ በየፊቷ አንዳንድ ዘፈን ብቻ ስትይዝ፣ ሲዲው ከ70 ደቂቃ በላይ ይይዛል። ደግሞም ፎቶግራፍና የዘፋኞቹ ታሪክ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ አብሮት አለ፤ ሰብሳቢው ዘፈኑን እየሰማ ያነባል። ሁሉም ተራ ቁጥር ስላላቸው፣ ከመደርደሪያው አንድ የጎደለ እንደ ሆነ እንቅልፍ ይነሣል!

ቁጥር 4 የሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁጥር 21 ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ በኢየሩሳሌም ገዳም ብዙ ዓመት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።