«ሆድ ይፍጀው» ያልንባቸው ዘመናት

እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች ስናድግ ጭንቀት የሕመም ስም አልነበረም። ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እህል ሲጠላ፣ «ልቤን ፍራ ፍራ አለኝ» ሲል ጠበል ይወሰዳል፤ ለነፍስ አባት ይነገራል። ይህ ብዙዎቻችንን አጽናንቷል፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ለልጁ ለራሱ የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ቻለው፤ ሆድ ይፍጀው።»

አገራችን ልጅን ከእናቱ ቀድሞ መለየት የለመደ አገር ነው። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ ከውሻ ጋር እየታገለ ይማራል። ሴቷ ደግሞ ገና በልጅነቷ ተድራ አማት ቤት ትገባለች። ተማሪው የኔታና የጎጆ ጓደኛ አለው። ሙሽራዋ ግን ማንም አልነበራት። ከመካከላችን ያንን ዝምታ ያልቀመሰች ጥቂት ናት።

በ1995 ዓ.ም. የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ሲጀመር ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ፣ ከአካባቢያቸው ከተመረጡ ሴቶች ጋር መነጋገር ያዙ። ሕጉ ዕድሜን አስከበረ፤ ቡድኑ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ ሰጠ።

ሕክምናው ግን ሩቅ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከዚህ ተነሥቶ እዚያ የሚደርሰው በሽታው የጸናበት ብቻ ነው።

የዛሬ ልጆቻችን ሸክም ሌላ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በህወሓት ታጣቂዎች እጅ በቆየችባቸው ቀናት ሴቶች መደፈራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ ገልጿል። ቀጥሎ የፈተናው ጭንቀት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወደቀ ልጅ የእናቱን ፊት ማየት ያፍራል፤ እኛም «ምነው ሰነፍክ?» እያልን ቁስሉን ነካካን። ይህን ጥፋታችንን እናምናለን።

በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። «ሐሳብ በዛብኝ» የሚል ሰው ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል፤ እሷ ታዳምጣለች፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው መፍትሔ ይፈልጋሉ። የከበደውን ወደ ሐኪም ትልካለች።

ወንበሩ እኛም ዘንድ አለ፤ የቡና ረከቦታችን ነው። የጎደለን ሥልጠናና ምስጢር መጠበቅ ነው። ስለዚህ አባላት፦ ልጅ ሲነግረን አንቆጣ፤ የሰማነውን አናውራ፤ «መኖር ሰለቸኝ» ያለውን ብቻውን ሳንተው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እናድርስ። ደጋፊዎቻችንም ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥልጠናውን አግዙን። እኛን ሆድ ፈጅቶናል፤ ልጆቻችንን አይፍጃቸው።