አቤቱታ ሰሚ ሲያጣ

ፖሊስና እሳት አጥፊ ሕዝብ በጭንቅ ሰዓት የሚጠራቸው ወገኖች ናቸው። በአደጋ ፊት አብረው ስለሚቆሙም ወንድማማችነታቸው የጠና ነው። ይህ ወንድማማችነት ነፍስ ሲያድን የሚመሰገን፣ ጥፋት ሲሸሽግ ግን የሚያስፈራ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ የጓደኞቹን ጥፋት ለአለቃ ሲያመለክት የሚደርስበትን ለማወቅ፣ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ፍራንክ ሰርፒኮ የተባለ የጣልያን ስደተኞች ልጅ በ1959 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዚህ ፖሊስ ተቀጠረ። በ1966 ዓ.ም. ከአንድ ቁማርተኛ የተላከ 300 ዶላር በፖስታ ታሽጎ ቢደርሰው፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ አንድ የምርመራ ሹም ሄደ። ሹሙም፣ ሰርፒኮ በኋላ በመሐላ እንደ መሰከረው፣ ነገሩን እንዲረሳ መከረው፤ ቢገፋበት ግን ሬሳው ከወንዝ እንደሚገኝ አስጠነቀቀው።

ወደ ብሮንክስ ተዛውሮ ሲሠራ፣ ጉቦው እንደ ወር ደመወዝ በድርሻ ሲከፋፈል አየ። ከባልደረባው ከዴቪድ ደርክ ጋር ሆኖም ለፖሊሱ አለቆች፣ ለከተማው የምርመራ መሥሪያ ቤትና ለከንቲባው ረዳት አመለከተ። ሁሉም ሰሙት፤ ነገር ግን ጥቂት ተራ ፖሊሶች ከመከሰሳቸው በቀር የአለቆቹ ኃላፊነት ሳይነካ ቀረ።

በመጨረሻ አፕሪል 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ነገሩ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወጣ። ከንቲባው ጆን ሊንድሴይ በሕግ ዐዋቂው በዊትማን ናፕ የሚመራ መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ሰርፒኮ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1971 ዓ.ም. አደንዛዥ ዕፅ ሻጮችን ለመያዝ ሲሞክር ፊቱን በጥይት ተመታ፤ ሆኖም ድኖ በዚያው ዓመት በአደባባይ መሰከረ። ጉባኤው በ1972 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ጉቦኞቹን በሁለት ከፈላቸው፤ አሳደው የሚበሉትን «ሥጋ በል»፣ የመጣላቸውን ብቻ የሚቀበሉትን «ሣር በል» አላቸው። ብዙ በመሆናቸው ጥፋቱን እንደ ደንብ ያስቈጠሩት ሁለተኞቹ ስለ ሆኑ፣ የችግሩ ሥር እነርሱ ናቸው ብሎ ፈረደ።

አዲሱ የፖሊስ ኮሚሽነር ፓትሪክ መርፊ አለቆች ለበታቾቻቸው ጥፋት እንዲጠየቁ አደረገ። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ትጋቱ ላላ። አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ የዕፅ ንግድ ተካፋይ የሆነውን ባልደረባውን ለዓመታት ቢከታተል፣ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ዕንቅፋት ሆነበት፤ ጥፋተኛውንም በ1992 ዓ.ም. የያዘው የሌላ አውራጃ ፖሊስ ነው። በሚልተን ሞለን የተመራው ሁለተኛው ጉባኤ በ1994 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ የውስጥ ምርመራው ክፍል ከጥፋቱ ይልቅ የጥፋቱን መሰማት ይፈራ ነበር። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የፖሊሱን የውስጥ ምርመራ ከውጭ የሚመለከት ኮሚሽን ተቋቋመ።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ምሳሌው ለአንደበት ቁጥብነት እውነት ነው፤ የሕዝብ አደራ በተቀበለ መሥሪያ ቤት ግን ዝምታ ይነቅዛል። አቤቱታ ተቀባዩ የአቤቱታው ኀፍረት ተካፋይ ከሆነ ዳኝነት የለም። ሐቀኛ ሠራተኛ አለመጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉን ተቀብሎ መልሱን በተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ፣ አመልካቹንም ከበቀል የሚጠብቅ፣ ከውጭ የቆመ ሰሚ ያሻል። ሰርፒኮ ለቈሰለበት ሜዳሊያ የሚገባው የክብር ምስክር ወረቀት የደረሰው በ2022 ዓ.ም. ነው፤ እውነት ለመናገር የደፈረ ሰው ግን ኀምሳ ዓመት መጠበቅ አይገባውም።