«መቶ በመቶ አሳለፍን» ሲሉ፣ ማንን አስገብተው ነው?

የ8ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ከኮልፌ፣ ከአየር ጤና፣ ከቤተል የሚደርሰን መልእክት ይመሳሰላል፦ «ወንድሜ 90 ምናምን አምጥቷል፣ ልዩ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ እዚሁ ሰፈር ይቀጥል?» ይሄኛውን ምረጡ ብለን አንመልስም። የትምህርት ቤት ውጤት እንዴት እንደሚነበብ ካወቃችሁ ግን ውሳኔው ይቀላል። ሴቭ አድርጉት፣ በየዓመቱ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። «ልዩ ትምህርት ቤት» የምንለው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሳይሆን በውጤትና በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። (አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው «ልዩ ፍላጎት» ትምህርት ሌላ ነው፣ ሰው ሁሌ ያምታታዋል።) እኛ አገር ምርጫው በአብዛኛው የሚመጣው ከ8ኛ በኋላ ስለሆነ ወንፊቱ የሚነፋው እነዚህ ሁለት የመካከለኛ ደረጃ ዓመታት ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። ካስፈተኑት 3 ሺህ ከሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላዩ አንድም ልጅ አላሳለፉም። ሁሉንም ያሳለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ዓይን እነዚህ ጥቂቶች ላይ አረፈ፤ «አስተማሪዎቻቸው ምን ቢያደርጉ ነው?» ተባለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በሩ ላይ ማን ገባ የሚለው ነው።

እስኪ በምሳሌ እንየው፣ ቁጥሩ የኛ ፈጠራ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ላይ ከ90 በላይ ያመጡ 60 ልጆችን ብቻ ተቀብሎ 60ውንም አሳለፈ፦ መቶ በመቶ። ሌላው የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ከ600 ልጅ 90 አሳለፈ፦ 15 በመቶ። ፖስተር የሚለጠፍለት የመጀመሪያው ነው። ግን ሁለተኛው ያሳለፈው ልጅ በቁጥር ይበልጣል፤ ከአገሩ 3.2 በመቶ ጋር ስታስተያዩት ደግሞ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የትኛው አስተማሪ የበለጠ ለፋ? ከፖስተሩ ላይ አይታወቅም።

ይሄን ጎረቤታችን ኬንያ በደንብ አጥንታዋለች። እዚያም ለብዙ ዓመታት ልጆች 8ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ወስደው ከፍተኛ ያመጡት «ናሽናል ስኩል» ወደሚባሉት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ይመደቡ ነበር። አድሪየን ሉካስ እና አይዛክ ምቢቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መቁረጫ ነጥቡን በጥቂቱ አልፈው የገቡትንና በጥቂቱ ስተው የቀሩትን ልጆች አነጻጸሩ። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ የሁለቱ ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ቦስተንና ኒውዮርክ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ጎበዙ ልጅ የትም ቢገባ ጎበዝ ነበር ማለት ነው። ልዩ ትምህርት ቤት ዋጋ የለውም እያልን አይደለም፤ ቤተ ሙከራው፣ ጸጥ ያለው ግቢ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ጓደኛ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። በፖስተሩ ላይ ያለው መቶ በመቶ ግን የእነሱ መለኪያ አይደለም።

እዚሁ ከኮልፌ ብዙም የማይርቀውን ዊንጌትን አስታውሱ። ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ግን ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤት የተመረጡ ልጆች የሚያድሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። መለስ ዜናዊ ከአድዋ መጥቶ የተማረው እዚያ ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ጨረሰ። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «የሚያድሩበት» የሚለው ነው። ምግብና መኝታ ስለነበረ የሩቅ አገር ልጅም ሊገባ ቻለ። መኝታ የሌለው መራጭ ትምህርት ቤት ግን ከነጥቡ ሌላ የታክሲ ብርም ይመርጣል። ቤታችሁ ዓለም ባንክ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ኮተቤ ቢሆን ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጠዋትና ማታ፣ አራት ዓመት ማለት ነው። ይሄ ወጪ ለአንዱ ቤት ምንም ነው፣ ለሌላው የወር አስቤዛ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ደግሞ አንድ ዓይነት ቤት ያለበት ክፍለ ከተማ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነበር። ቤተል ግቢ ያለው ቤት ታያላችሁ፣ አጠና ተራ ነጋዴውንና ወዛደሩን፣ ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየሙን። ዘነበወርቅ ላይ የዛሬው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ከጀመረበት ዘመን አንስቶ በሽታው ከቤተሰብ የነጠላቸው ሰዎች ሰፍረው ልጅ ወልደው አሳድገዋል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሼ አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበት። ከነዚህ ሁሉ ቤቶች የወጡ ልጆች የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው። አንዷ ማታ አስጠኚ ይመጣላታል፣ ሌላዋ ማታ እናቷን ታግዛለች። ከተማው ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማቅረቡ ክፍተቱን አጥብቦታል ብለን እናምናለን። አስጠኚውን ግን ምገባ አይተካውም።

ወንፊቱ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ኒውዮርክ ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ ስታይቬሰንት የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት በአንድ ፈተና ብቻ ይቀበላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ለ895 ልጆች ቦታ ሲሰጥ ጥቁሮቹ 7 ነበሩ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፣ ማንም አልተከለከለም።

እና ወንድማችሁ 90 ካመጣ? ወደሚያስቡት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ «ስንት አለፈ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። 9ኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ፣ 12ኛ ሲፈተኑ ስንት ቀሩ? በመሀል ደካማውን ሸኝቶ መቶ በመቶ ማምጣት ይቻላልና። ሴቶች ስንት ናቸው? ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጡትስ? የሰፈሩንም ትምህርት ቤት ያንኑ ጠይቁት፤ እዚያ ደግሞ 8ኛ ላይ እንደ ወንድማችሁ 90 አካባቢ ያመጡ ልጆች 12ኛ ላይ ምን እንዳመጡ አጣሩ። እውነተኛው ንጽጽር እሱ ነው። ርዕሰ መምህሩ አልነግርም ካለ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ስትሄዱ ወላጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለተማሪ ብቻውን ቶሎ አይመልሱም።